የእንግሊዝኛ ንባብ ክፍል የመጀመሪያ ቀን፦ የትኛው የመግባቢያ ጨዋታ ለየትኞቹ ተማሪዎች?

ለመጀመሪያ ቀን የመግባቢያ ጨዋታ የሚፈልግ አስተማሪ የሚቸገረው በማጣት ሳይሆን በመብዛቱ ነው። ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። አብዛኞቹ ግን የተሠሩት ለንግግር ክፍል ነው። ተማሪው ይነሣል፣ ስለ ራሱ ይናገራል፣ ይሳቃል፣ ይቀመጣል። በማግሥቱ የሚጠብቀው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ከጽሑፉ በታች የተደረደሩ ጥያቄዎች። በጨዋታውና በትምህርቱ መካከል ምንም የሚያገናኝ ነገር የለም።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። የንባብ እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ ራሱ የሚነበብ ነገር ይኑረው። ሦስት መስመርም ትሁን፤ ብቻ ትነበብ። አንደኛ፣ ክፍሉ የምን ክፍል እንደሆነ ልጆቹ ወዲያው ይረዳሉ። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጥብኛል። በሁለት ጎረምሶች መካከል ወረቀት ካለ ዓይናቸው የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነው። ፊት ለፊት መፋጠጥ ይቀራል። የማያውቁትን ልጅ «ስለ ራስህ ንገረኝ» ከማለት «ይቺ መስመር ምን ማለት ትመስልሃለች?» ማለት በጣም ይቀላል።

በምን እንመዝናቸው?

«ደስ ይላል» መመዘኛ አይሆንም። ለተግባቢው ልጅ ደስ የሚለው ጨዋታ ለዓይናፋሩ ቅጣት ሊሆን ይችላል። እኔ የምመዝነው በአምስት ነገር ነው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ትልቁ መመዘኛ ጨዋታው ልጁን ምን ያህል ያጋልጠዋል የሚለው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ጉርምስና ሲጽፍ፣ በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች ሁልጊዜ የሚመለከታቸው ሰው ያለ እንደሚመስላቸው አስረድቶ ነበር። «ምናባዊ ታዳሚ» ብሎታል። ክፍል ውስጥ ደግሞ ታዳሚው ምናባዊ እንኳ አይደለም፤ ከጎኑ ተቀምጧል። በዚያ ላይ ልጁ የሚናገረው ገና በሚማረው ቋንቋ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቀልደኛና ብልጥ የሆነው ልጅ በእንግሊዝኛ ሲናገር እንደ ሕፃን ይሆናል፤ ይህንንም ራሱ ያውቀዋል። ጓደኞቹ ሙድ እንዳይዙበት ዝም ማለትን ይመርጣል። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ልጁ የሚናገረው ብቻውን ቆሞ ነው፣ ለአንድ ጓደኛ ነው፣ በትንሽ ቡድን ነው ወይስ በጽሑፍ ብቻ ነው?

ሁለተኛው መመዘኛ ንባቡ የምር መሆኑ ነው። ጽሑፉን ማንም ሳያነበው ጨዋታው መቀጠል የሚችል ከሆነ፣ ጽሑፉ ጌጥ ነው።

ሦስተኛው የእንግሊዝኛው ክብደት ነው። የንባብ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነቡትን ያህል መናገር አይችሉም። ስለዚህ ለመረዳት የሚጠይቀውና ለመናገር የሚጠይቀው ለየብቻ ይታይ። ለጽሑፍ ምርጫ አንድ ጥሩ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተመራማሪዎቹ የሁ እና የፖል ኔሽን ጥናት፣ አንባቢ ልብ ወለድን ያለ እርዳታ በደንብ ለመረዳት ከጽሑፉ ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንዳለበት አመልክቷል። በሌላ አነጋገር ከ50 ቃላት ውስጥ የማያውቀው አንድ ብቻ ይሁን ማለት ነው። ለመጀመሪያው ቀን በመረጣችሁት አጭር ጽሑፍ ውስጥ አምስት ስድስት አዲስ ቃል ካለ ጨዋታው ቀርቶ የቃላት ትርጉም ትምህርት ይጀመራል። ከልጆቹ ደረጃ አንድ እርከን ዝቅ ብላችሁ ምረጡ። ለዚያ ቀን ቀላል መሆኑ ነውር የለበትም።

የቀሩት ሁለቱ አጭር ናቸው። አንዱ ምን ያህል ዝግጅት፣ ወረቀትና ቦታ ይፈልጋል የሚለው ነው። ሌላው ጨዋታው ሲያልቅ አስተማሪው ስለ ልጆቹ ንባብ ምን አወቀ የሚለው ነው። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከመግባቢያው ጨዋታ ያወቃችሁት የልጆቹን የትርፍ ጊዜ ልማድ ብቻ ከሆነ ግማሹ ዕድል አምልጧችኋል።

ሁለት እውነት፣ አንድ ውሸት

ሁሉም የሚያውቀው ነው። ልጁ ስለ ራሱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ሌሎቹ ውሸቱን ይለያሉ። እንደ ተለመደው በቃል ከተጫወታችሁት በሁለቱ ትልልቅ መመዘኛዎች ይወድቃል፤ ልጁን ብቻውን ያቆመዋል፣ የሚነበብም የለውም።

በጽሑፍ ስታደርጉት ግን ሌላ ጨዋታ ይሆናል። እያንዳንዱ ልጅ ሦስት ዓረፍተ ነገሮቹን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። ወረቀቶቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ልጆቹ እየዞሩ ያነባሉ፣ ውሸት የመሰላቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ ግድግዳው ሄዶ የራሱን ውሸት ያከብባል። በዚህ መልኩ አንድ ልጅ የጓደኞቹን ብዙ ወረቀቶች ያነባል፤ ዓረፍተ ነገሮቹም እሱ ሊጽፋቸው በሚችለው ደረጃ የተጻፉ ናቸው። ለንባብ ይህን ያህል የሚመጥን ጽሑፍ ገዝታችሁም አታገኙም።

አንድ አደጋ አለው። ርዕሱን ክፍት ከተዋችሁት የሀብት ፉክክር ይሆናል። ማን የት ሄደ፣ ማን ምን ስልክ አለው የሚለው ይመጣል። ያለው ይፎክራል፣ የሌለው ይሸማቀቃል። ስለዚህ ርዕሱን አጥብቡት፤ ልማድ፣ የሚፈሩት ነገር፣ አንብበው ያልጨረሱት ነገር።

«እንዲህ የሚያደርግ ሰው ፈልግ»

በአንድ ወረቀት ላይ አሥር ያህል መስመሮች አሉ፦ ከመተኛቱ በፊት የሚያነብ፣ የታሪክን መጨረሻ አስቀድሞ የሚያይ፣ አንድን ታሪክ ደጋግሞ ያነበበ። ልጆቹ ተነሥተው እየዞሩ ይጠያየቃሉ፣ በየመስመሩ የሚስማማውን ልጅ ስም ይጽፋሉ። ለጀማሪም ይሆናል፤ ጥያቄው በወረቀቱ ላይ ስላለ ራሱ መፍጠር የለበትም። ንግግሩም ሁለት ለሁለት ስለሆነ ሼም አይዝም።

ድክመቱ ጎረምሶቹ ቶሎ መንቃታቸው ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሳያነቡ ወረቀት መለዋወጥና ስም መገልበጥ ይጀምራሉ። መድኃኒቱ ሁለት ሕግ ነው። አንድ ስም ከአንድ ጊዜ በላይ አይጻፍም። ከስሙ ጎን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጻፋል፤ ምን ያነባል? ለምን ደገመው? ሁለተኛው ሕግ ኩረጃውን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ቢሆንም ንባቡ ቀጭን ነው። አሥር ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ማንበብ ማን ጎበዝ አንባቢ እንደሆነ አይነግራችሁም።

አራቱ ማዕዘኖች

የክፍሉ አራት ማዕዘኖች ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በፍጹም አልስማማም» ይሰየማሉ። አንድ ሐሳብ ይነበባል፣ ልጆቹ ወደሚስማማቸው ማዕዘን ይሄዳሉ። ዝግጅት የለውም ማለት ይቻላል፣ ማንም ለመናገር አይገደድም፣ በ10 ደቂቃ ያልቃል። ችግሩ ልጆቹ የሚከተሉት ሐሳቡን ሳይሆን ጓደኛቸውን መሆኑ ነው። ከመነሣታቸው በፊት ምርጫቸውን ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ማድረግ ይበጃል።

ለንባብ ክፍል የማሻሽለው እንዲህ ነው። በአራቱ ማዕዘኖች አራት የተለያዩ ታሪኮች የመጀመሪያ ጥቂት መስመሮች ይለጠፋሉ፤ የሚያስፈራ፣ የሚያስቅ፣ የፍቅር፣ የምርመራ። ልጆቹ አራቱንም ዞረው አንብበው መቀጠል በሚፈልጉት ፊት ይቆማሉ። አሁን ማዕዘኑን ለመምረጥ ማንበብ ግድ ሆነ። አንድ ማዕዘን ላይ የተገናኙትም ሳያስቡት የጋራ ጣዕም አገኙ።

እየሮጡ ዲክቴሽን

ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። አጭር ጽሑፍ ከዴስኮቹ ርቆ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንዱ ሄዶ ያነባል፣ የቻለውን ያህል በልቡ ይዞ ይመለሳል፣ ለጓደኛው ይነግራል፤ ጓደኛው ይጽፋል። ግማሽ ላይ ቦታ ይቀያየራሉ። ሲጨርሱ የጻፉትን ከዋናው ጋር ያስተያያሉ።

ይህን ጨዋታ ከሁሉም በላይ የምወደው ለአንድ ነገር ነው፤ ስለ ንባብ የሚነግራችሁ ብዙ ነው። ልጁ ከግድግዳው ወደ ዴስኩ በአንድ ጉዞ ምን ያህል እንደያዘ ተመልከቱ። ቃል በቃል የሚያነብ ልጅ ሁለት ቃል ይዞ ይመለሳል። የሐሳብ ቁራጭ አድርጎ የሚያነብ ልጅ ሰባት ስምንት ቃል ያመጣል። «ከቤት ወጥታ» የሚለውን እንደ አንድ ነገር ነው የያዘው። ይህን ልዩነት በጸጥታ በሚነበብ ፈተና ለማየት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። እዚህ ግን በእግሩ ምልልስ ይታያል። ፊደል እየቆጠረ የሚመለሰውም አለ፤ እሱ በሚቀጥለው ሳምንት ልዩ እርዳታ ይፈልጋል።

ልጁን የሚሰማው አንድ ጓደኛው ብቻ ነው። ክፍሉም በጫጫታ ስለተሞላ የማንም ስሕተት ጎልቶ አይሰማም። ማንበብ አልወድም የሚሉ ልጆችም እያነበቡ መሆናቸውን ሳያስተውሉት ይገቡበታል።

ሳይነገር የማይታለፍ ጉዳትም አለው። ስልክ የያዘ ልጅ ጽሑፉን ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል፤ ስልክ ቀድሞ ይሰብሰብ። ሩጫው ግፊያ ሊያመጣ ይችላል። ስሙ ሩጫ ይሁን እንጂ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። መንቀሳቀስ የሚቸግረው ልጅ ካለ ጽሑፉ ለሁሉም በቅርብ ርቀት ይሁን፤ ለእሱ ብቻ ጸሐፊነትን መስጠት መነጠል ነው። ጽሑፉ ከ40 እስከ 60 ቃል፣ ለጀማሪ ደግሞ ከ20 እስከ 25 ቃል ቢሆን ጥሩ ነው። ሁሉም አንድ ቦታ እንዳይከማች ቢያንስ አራት ቅጂ በተለያየ ቦታ ለጥፉ።

የተቆራረጠ ታሪክ

አጭር ታሪክ በስድስት ወይም በስምንት ቁራጭ ይቆረጣል። በቡድኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ይደርሰዋል፤ ቡድኑ ቅደም ተከተሉን ያገኛል። ውበቱ ማንም ልጅ ትርፍ አለመሆኑ ነው። የደካማው ልጅ መስመር ከሌለ ታሪኩ አይሞላም፤ ስለዚህ ይጠይቁታል፣ ይጠብቁታል። ደረጃቸው የተቀላቀለ ልጆች ካሏችሁ አጭሩን መስመር ለማን እንደምትሰጡ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እነሱ አያውቁም። ተውላጠ ስምና አያያዥ ቃላትን ማን እንደሚከታተልም ያሳያል። «እሷ» ከተባለ ከዚያ በፊት የተጠቀሰች ሴት መኖር አለባት ብሎ የሚከራከር ልጅ ካያችሁ፣ ያ ልጅ አንባቢ ነው።

መጥፎ ጎኑ ጎበዙ ልጅ ቁራጮቹን ሁሉ ሰብስቦ ብቻውን መደርደሩ ነው። ሕጉ፦ ቁራጭህ ከእጅህ አይወጣም። ጠንከር ያሉ ልጆች ከሆኑ ደግሞ መስመራቸውን በቃል ይዘው ወረቀቱን ይገልብጡት።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው ጂግሶ ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊዮት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ፣ ነጭ፣ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ልጆች አንድ ላይ መማር ሲጀምሩ የተፈጠረውን ውጥረት ለማርገብ የነደፈው ዘዴ ነው። ግሩም ዘዴ ነው፤ ግን ለመጀመሪያው ቀን አልመርጠውም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ክፍል አንብቦ ለሌሎች ማስተማር አለበት፤ ለማይተዋወቁ ልጆች ይህ ከባድ ነው። ለሦስተኛው ሳምንት አቆዩት።

የመጽሐፍ ቅምሻ

በየጠረጴዛው የተለያዩ መጻሕፍት ይደረደራሉ። ልጆቹ በየጠረጴዛው ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆያሉ፤ ሽፋኑን፣ የጀርባውን ጽሑፍና የመጀመሪያውን ገጽ ያያሉ፣ ውጤት ይሰጣሉ፣ ያልፋሉ። ተጋላጭነቱ ዜሮ ነው። የልጆቹን ጣዕም በአንድ ክፍለ ጊዜ ታውቃላችሁ። መጽሐፍ ከሌለ የታሪኮች የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ኮፒ ይበቃል።

ግን ልብ በሉ፤ ይህ ልጁን ከመጽሐፍ ጋር እንጂ ልጁን ከልጁ ጋር አያስተዋውቅም። መጨረሻ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲያወሩ አድርጉ። የወደዱትን ሳይሆን ያልወደዱትን ጠይቋቸው። ጎረምሳ ሲያደንቅ ይጠነቀቃል፤ ሲያጣጥል ግን አፉ ይፈታል። «ይሄ ይደብራል፣ ምክንያቱም...» ብሎ ለመጨረስ የሚጠቀመው እንግሊዝኛ ያስገርማችኋል።

የዝምታ ውይይት

በትልቅ ወረቀት መሀል አጭር ጽሑፍ ይለጠፋል። አራት ልጆች ዙሪያውን ሆነው፣ እያንዳንዱ በተለየ ቀለም፣ ስለ ጽሑፉ ይጽፋሉ፤ ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ፣ ቀስት ይሰዳሉ። መናገር ክልክል ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወረቀቱ ወደ ሌላ ቡድን ይዞራል፣ እነሱም ይቀጥሉበታል። ለዓይናፋሮች የተሻለ አላውቅም። ስፔሊንግ የሚያስፈራቸው ልጆች ግን እዚህ ይሸማቀቃሉ፤ ስለዚህ ሥዕልና የጥያቄ ምልክትም ይቆጠራል በሉ። ቀልድ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ቀለሙ የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ብዙ አይርቅም።

በአንድ ዓይን

| ጨዋታ | ተጋላጭነት | ንባቡ | የሚሆነው ደረጃ | ጊዜ | ዝግጅት | ለአስተማሪው የሚነግረው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሁለት እውነት አንድ ውሸት (በጽሑፍ) | ዝቅተኛ | ጥሩ | ከጀማሪ ከፍ ያለ | 20–25 ደቂቃ | ቁራጭ ወረቀት | የጽሑፍ ደረጃ |
| እንዲህ የሚያደርግ ሰው ፈልግ | ዝቅተኛ | ቀጭን | ጀማሪም | 15 ደቂቃ | አንድ ገጽ በልጅ | የንባብ ልማድ |
| አራቱ ማዕዘኖች (በታሪክ መነሻ) | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ጀማሪም | 10–15 ደቂቃ | አራት ወረቀት | ጣዕም |
| እየሮጡ ዲክቴሽን | ዝቅተኛ | በጣም ጥሩ | ጀማሪም፣ ጽሑፉ ካጠረ | 15–20 ደቂቃ | አራት ቅጂ፣ ሰፊ ቦታ | አነባበብ ራሱ |
| የተቆራረጠ ታሪክ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ከጀማሪ ከፍ ያለ | 20 ደቂቃ | መቁረጥ ይፈልጋል | ሐሳብ ማያያዝ |
| የመጽሐፍ ቅምሻ | የለም | ጥሩ | ሁሉም፣ መጽሐፉ ከተመረጠ | 30–40 ደቂቃ | ብዙ መጽሐፍ | ጣዕምና ትዕግሥት |
| የዝምታ ውይይት | በጣም ዝቅተኛ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | 20–25 ደቂቃ | ትልቅ ወረቀት፣ ማርከር | የመረዳት ጥልቀት |

በሠንጠረዡ ውስጥ ተራ በተራ ጮክ ብሎ ማንበብ እንደሌለ አያችሁ። ሳይዘጋጁ በማያውቁት ክፍል ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ ከቶም መግባቢያ አይደለም። ኳስ እየወረወሩ ስም መጥራትም ቀርቷል፤ የሚነበብ የለውም።

ለየትኛው ክፍል የትኛው?

ዴስኩ የማይነቃነቅና ልጆቹ ብዙ ከሆኑ የዝምታ ውይይትን ምረጡ። ልጆቹ ይቀመጣሉ፣ ወረቀቱ ይዞራል። ማርከር ከሌለ ተራ እስክሪብቶና ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ቡድኑን ወደ ሦስት ዝቅ አድርጉት።

ፎቶ ኮፒ የለም? ሁለት እውነት አንድ ውሸት ምንም ማተም አይፈልግም። ሩጫው ዲክቴሽንም በእጅ በተጻፉ አራት ወረቀቶች ይሠራል።

ጊዜው 10 ደቂቃ ብቻ ከሆነ አራቱ ማዕዘኖች። ሌላውን በችኮላ መጀመር አያዋጣም።

ደረጃቸው የተራራቀ ልጆች ካሉ የተቆራረጠ ታሪክ። እንግሊዝኛ የሚጠሉ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚያቅታቸው ከሆኑ ያለ ማመንታት እየሮጡ ዲክቴሽን። አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝም የምመርጠው እሱን ነው።

በኦንላይን የምታስተምሩ ከሆነ ሩጫው ይቀራል። የዝምታው ውይይት ግን በጋራ ሰነድ ላይ ከወረቀቱም በላይ ይሠራል፤ ካሜራ ማብራት የማይፈልጉት ልጆች እዚያ ያወራሉ።

ልጆቹ ከዚህ በፊት አብረው የተማሩ ከሆነስ? ያኔ የስም ማስተዋወቂያ ጨዋታ ይሰለቻቸዋል። የሚፈታው ነገር በእነሱና በእንግሊዝኛው መጽሐፍ መካከል ያለው ነው፤ ለዚያ የመጽሐፍ ቅምሻ ተሠርቷል።

የትኛውንም ብትመርጡ

መመሪያውን በልጆቹ ቋንቋ ብትሰጡ ችግር የለውም። ጨዋታው እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ሕጉን ያልገባው ልጅ በምንም ቋንቋ አይጫወትም። ማለፍም ይፈቀድ፤ ግን የሚያልፈው ልጅ ሥራ ይኑረው፣ ሰዓት ይያዝ ወይም ምልክት ይቁጠር።

ከጨዋታው በኋላ ጥያቄ ስትጠይቁ ጠብቁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ ክፍሎችን ስታጠና፣ አስተማሪዎች ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አገኘች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም የሚለውም ልጅ ቀነሰ። በሁለተኛ ቋንቋ ደግሞ ልጁ ያነበበውን አስታውሶ፣ መልሱን ፈልጎ፣ ወደ እንግሊዝኛ ለውጦ ነው አፉን የሚከፍተው። አምስት ሰከንድ በልባችሁ ቁጠሩ፤ ለእናንተ ረጅም ነው፣ ለእሱ አይደለም።

የተጻፈባቸውን ወረቀቶች አትጣሉ። የግድግዳው ዓረፍተ ነገሮችና የዝምታው ወረቀቶች ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዝግጁ የንባብ ጽሑፍ ናቸው፤ ስሕተታቸውን አርማችሁ፣ ስም ሳትጠቅሱ በንጹሕ ገጽ ገልብጣችሁ አምጧቸው።